ሺህ ብር ለሐዘን፣ መቶ ሺህ ብር ለዘፈን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ዘመዴ ጉዳይ ችሎት ተቀምጬ ተራችንን ስጠብቅ፣ ከእኛ በፊት የነበረው መዝገብ ተጠራ። ከሳሿ ልጇን በመኪና አደጋ ያጣች እናት ናት። ዳኛው ውሳኔውን በንባብ አሰሙ። ልጁ ይጦራት ስለነበር ለመተዳደሪያዋ የተባለ ገንዘብ አለ። ለቀብር የወጣውም ተያዘላት። ከዚያ ለሕሊና ጉዳት የሚለው ላይ ደረሱ። አንድ ሺህ ብር።

ሴትዮዋ የሰማችውን ያመነች አልመሰለኝም። ወደ ጠበቃዋ ዞር ብላ "ስንት ነው ያሉት?" አለች። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ "ሕጉ ነው እናቴ" አላት።

ዳኛው ክፉ ሆነው አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116፣ ንዑስ ቁጥር 3 እጃቸውን አስሯቸዋል። የሕሊና ጉዳት ካሳ በምንም ዓይነት ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር አይበልጥም ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ሺህ ብር 400 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ለሐዘን ባይበቃም ገንዘብ ነበር። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ግን ሺህ ብር 10 ዶላር አይሞላም።

አሁን ሌላ ሕግ ልግለጥላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996። አንድ ሰው ዘፈንህን ያለፈቃድህ አባዝቶ ቢሸጥና ብትከሰው፣ ለሞራል ጉዳትህ (ያው የሕሊና ጉዳት ማለት ነው) የሚወሰንልህ ካሳ ከ100 ሺህ ብር ማነስ የለበትም። ልብ በሉ፣ ማነስ የለበትም ነው የሚለው። የእናትየዋ ደግሞ ከሺህ መብለጥ የለበትም። ሁለቱም በአንድ ሀገር የሚሠሩ ሕጎች ናቸው።

በዘፋኙ አልቀናሁም። ሥራው ተዘርፏልና ይካስ። የገረመኝ ልዩነቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። እንደሚመስለኝ መልሱ ያን ያህል ምሥጢር የለውም። ዘፋኞችና ደራሲዎች ማኅበር አላቸው፣ ሲበደሉ ሬዲዮው ይጠራቸዋል፣ አቤቱታቸው ሕግ የሚረቀቅበት ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ልጅ የሞተባቸው እናቶች ማኅበር የላቸውም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ትመጣለች፣ ሺህ ብሯን ሰምታ ትሄዳለች፣ መዝገቡ ይዘጋል። ቁጥር 2116 ስንት እናት እንዳስለቀሰ የሚቆጥር የለም።

ሕጋችን የሕዝቡን ችግር እንዲፈታ ምን ይደረግ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ "አዲስ አዋጅ ይውጣ" ነው። አዋጅማ ሞልቷል። ከሕገ መንግሥቱ ወዲህ የአዋጆቹ ተራ ቁጥር ሺህን ካለፈ ቆየ። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መንገድ አስፋልት ነው። የጎደለው ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ነው፤ እሱ እስካሁን የእግር መንገድ እንኳ በቅጡ አልወጣለትም።

ሲጀመርም እንዲሁ ነበር። በ1940ዎቹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕጎቹን የሚያዘጋጅ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የውጭ ሊቃውንት ተጠሩ። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን አረቀቁ። የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ። የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀመሩት፤ እሳቸው ሲሞቱ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ስድስት ትልልቅ ሕጎች ወጡ። የፍትሐ ብሔሩ ብቻ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ለአንድ ትውልድ ቀርቶ ለሦስት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ዳቪድ ሐሳባቸውን አልደበቁም። ኢትዮጵያ የራሷን ሕግ ቀስ በቀስ ከልምድ እስክታወጣ ሦስትና አምስት መቶ ዓመት ልትጠብቅ አትችልም ብለው ጽፈዋል። ባንክ እየተከፈተ፣ ኩባንያ እየተቋቋመ በነበረበት ዘመን ይህ ክርክር ውኃ ያነሳል። ግን ሕጉ ማለቂያ አካባቢ አንድ ቁጥር አለ፣ 3347። ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን ደንብ፣ የተጻፈም ይሁን የልማድ፣ ሕጉ ራሱ ካላስቀረው በቀር ይሽራል። በአንድ ቁጥር የኦሮሞው ገዳ፣ "ሴራ" የሚባለው የጉራጌ የልማድ ሕግ፣ "ሔር" የሚባለው የሶማሌ የልማድ ሕግ፣ የየሰፈሩ ሽምግልና ደንብ ወረቀት ላይ ሞተ። ወረቀት ላይ ነው ያልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና፤ እኛ ሙግት የማንወድ ሕዝብ አይደለንም። የድሮ ተሟጋች አደባባይ ቆሞ በበላ ልበልሃ ነጠላውን እያጣፋ ሲከራከር መንገደኛው ቆሞ ይሰማ ነበር። ሕጉን የሚያውቀው ዳኛው ብቻ አልነበረም፤ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ነው። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ያለ ሕዝብ ነው። በቅሎዋን በሥርዓት ተከራክሮ ቢያጣ ይችለዋል፤ አንዲት ጭብጦ ያለፍርድ ብትወሰድበት ግን ታንገበግበዋለች። አሁን የፍትሐ ብሔር ሕጉን አማርኛ ገልጣችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። ከፈረንሳይኛ የተመለሰ መሆኑ ከሩቅ ይሸታል። እኔ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አንብቤ እንግሊዝኛውን አይቼ ነው የሚገባኝ። ሕግ ሆኖ የሚጸናው ግን አማርኛው ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የተሻረው ደንብ አልሞተም አልኩ። ደም ባለበት አካባቢ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰው ይገደላል። ገዳይ ተይዞ፣ ተከሶ፣ ዐሥራ ምናምን ዓመት ተፈርዶበት ወህኒ ይወርዳል። ለመንግሥት ጉዳዩ አልቋል። ለሟች ወገን ግን ገና አልተነካም። ልጃቸውን ያጡት እነሱ ናቸው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ከሳሽ ብሎ የጠራው ዐቃቤ ሕግን ነው። የገዳይ ወንድም ገበያ መውጣት ይፈራል። ልጆቹ የትምህርት ቤት መንገድ ይቀይራሉ። ሽማግሌ ገብቶ፣ የደም ካሳው፣ ጉማው ተከፍሎ፣ ደሙ ካልደረቀ በቀር የፍርድ ቤቱ ማኅተም ማንንም አያስተኛም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሽማግሌዎች ቀድመው ካስታረቁ፣ ምስክሮቹ ችሎት ቀርበው "እኔ ያየሁት ነገር የለም" ይላሉ። ፖሊስ ዘንድ የሰጡት ቃል ተረስቷል። ዐቃቤ ሕጉ ባዶ እጁን ይቀራል። ምስክሩ ዋሽቷል ለማለት ይቸግረኛል። እርቁን የምሰብረው እኔ አልሆንም ነው ያለው። ሁለት ሕግ በአንድ ሰው ላይ ሲወርድ ሰውየው አብሮት የሚኖረውን ይመርጣል።

ከተማም ከዚህ አይተርፍም። መልኩ ነው የሚለየው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ሰው ሰብስቦ የሚፈራረሙበት ገንዘብ ነበር። ዛሬ ጓደኛህ "እስከ ደመወዝ አንድ አምስት ሺህ ብቅ አድርግልኝ" ሲልህ ቴሌብርህን ከፍተህ ትልካለህ። ውል እንጻፍ ብትለው "ምነው፣ አላመንከኝም?" ብሎ ይቀየምሃል። ከካደህ እጅህ ላይ ያለው ገንዘብ መሄዱን የሚያሳይ አጭር መልእክት ነው። ብድር ይሁን፣ ስጦታ ይሁን፣ የራስህን ዕዳ ስትከፍል ይሁን መልእክቱ አይናገርም። ማንኛውም ካጂ ደግሞ የት ጋ እንደሚይዝህ ያውቃል።

ሰውስ ዝም አለ? አላለም። ቼክ አገኘ። ቼክ በሕጉ መክፈያ ነው፣ እንደ ጥሬ ገንዘብ። እኛ ጋ ግን መያዣ ሆነ። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ለቀረበት መዋጮ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ፈርሞ ያስይዛል። አራጣ አበዳሪውም እንደዚያው። ለምን ቼክ? ደረቅ ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያሳስራላ። የብድር ውል አፍርሰህ ግን አትታሰርም። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይጎተታል ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሕዝብ ፖሊስን ዕዳ ሰብሳቢ አደረገው። የሕጉ አርቃቂዎች ይህን አላሰቡትም። ነጋዴው አሰበው። ሰው ሕጉ ጥርስ ያለው የት ጋ እንደሆነ በሚገባ ያጠናል። ሕግ አውጪው ግን ሰው ለምን እዚያ ጋ እንደሚሰለፍ ብዙም አላጠና።

ሕጉ ሰምቶ የተለወጠበት ጊዜ የለም ካልኩ ግን ውሸት ይሆንብኛል። አለ፤ እሱን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

በ1952ቱ ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት ያገባ ነበር። የቤቱ ራስ ባል ነው። ፍቺ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ዛሬ ሲያነቡት የሚዘገንን ነገር ነበረው። ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ አይከሰስም። ይህ ቁጥር ለጠላፊ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። ጥለፋት፣ ከዚያ ሽማግሌ ላክ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ሴቶች በነፃ መቆም ጀመረ። በዚያው ሰሞን አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ተኩሳ ገደለችው። ማኅበሩ ጉዳይዋን ያዘ። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ያኔ ማኅበሩን ይመሩ የነበሩት መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለዚያች አንድ ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ማኅበሩ ቢሮ በየቀኑ የምትቀመጠው ሌላዋ ሴት ናት። ንብረት የተከለከለችው፣ የተደበደበችው፣ በሽማግሌ ተመለሽ የተባለችው። አንድ ሴት አንድ ጉዳይ ናት። መቶ ሴት ስትመጣ ግን ያው ቁጥር፣ ያው ግድግዳ እየተደጋገመ ፊት ለፊት ይቆማል። ጠበቆቹ ያንን ይዘው ነው ወደ ፓርላማው የሄዱት። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ የባል የቤት ራስነት ቀረ፣ ፍቺ የፍርድ ቤት ሥራ ሆነ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጠላፊው ኋላ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ጠለፋ በዚህ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ሕጉ ግን ቢያንስ ከጠላፊው ጎን መቆሙን ተወ።

ያ መንገድ ከዚያ ምን ሆነ? ተዘጋ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የሀገር ውስጥ ገንዘብ የት ይገኛል? እነዚያ ቢሮዎች አንድ በአንድ ጠበቡ። አዋጁ በ1113/2011 ሲተካ ዐሥር ዓመት አልፏል። በዐሥር ዓመት ውስጥ ስንት መቶ ሴት ለብቻዋ መጥታ ለብቻዋ ሄዳለች፤ ማን ቆጠራት? እኔ ሕግን ከሕዝብ ስለሚያርቁ ነገሮች ስጠየቅ መጀመሪያ የምጠራው ይህንን ነው። ዳኛም ጠበቃም በቦታቸው ነበሩ፤ የተቆረጠው በመካከል ያለው ነው።

ከፍርድ ቤት እንውጣ። አብዛኛው ሰው ሕግን የሚያገኘው መስኮት ላይ ነው። "መመሪያው አይፈቅድም።" ይህችን ቃል ያልሰማ አዋቂ ካለ እጁን ያውጣ። በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ተራ ሰነድ ላሳድስ ሄጄ ነበር። ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ ይኼ ብቻውን አይበቃም" አለችኝ።

"መመሪያውን ማየት እችላለሁ?"

"የውስጥ አሠራር ነው።"

"ታዲያ እኔ ከየት ላውቀው ነበር?"

"ይኸው አሁን ነገርኩዎት እኮ!"

እውነቷን ነው። ነግራኛለች።

የሚያስቀው ነገር ይህን የሚከለክል ሕግ አለን። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183/2012። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅና አስተያየት መቀበል አለበት፤ ጊዜው ከ15 የሥራ ቀን ማነስ የለበትም። መመሪያው ሲጸድቅ ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ያልተመዘገበ መመሪያ አይጸናም። መሥሪያ ቤቱ ሲከለክልህም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጥሃል፤ ካልተስማማህ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ትችላለህ። በእኔ ግምት ካለፉት ዐሥር ዓመታት አዋጆች ለተራው ሰው የዚህን ያህል የቀረበ የለም። በሩ ተከፍቷል።

ግን ማን ገባ? ረቂቁ ይወጣል፣ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ማንም አይቶት የማያውቅ ድረ ገጽ ላይ። ለአስመጪው የወጣው መመሪያ ምናልባት በንግድ ምክር ቤቱ በኩል ይሰማል። ለጉሊት ነጋዴዋ የወጣውን ማን ይነግራታል? እሷ የምትሰማው ደንብ አስከባሪው ሲመጣ ነው። እኔም ያን ቀን መስኮቱ ላይ አዋጁን ጠቅሼ አልተከራከርኩም። ከኋላዬ ወረፋ ነበር። የጎደለውን ወረቀት አምጥቼ ተመለስኩ። ከእኔ የተሻለ ጀግና ይኖራል።

ዳኞች ሕጉን ወደ ሕይወት ሊያስጠጉት አይችሉም ወይ ለሚል፣ አንዳንዴ ይችላሉ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤት ያስገድዳል። ጠበቆች ሲገናኙ "ሰበር ምን አለ?" ነው የሚባባሉት። ነገር ግን ሰበር ሲያስተካክል ያስተካክላል፣ ሲያደናግርም በሀገር ደረጃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት ይላል። ሰው ግን ቤት የሚገዛው በመንደር ውል ነው፤ ሁለት ምስክር፣ አንድ ደላላ፣ ሻይ ቤት። ሰበር በአንድ ወቅት ይህን ቁጥር በጥብቅ ተረጎመው። በሕግ ፊት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ዋጋ የለውም ማለት ሆነ። ቤት በተወደደበት ከተማ ይህ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅትም። ገንዘቡን ቆጥሮ የተቀበለ ሻጭ "ውሉ ፈራሽ ነው" ብሎ ይመጣል።

ቃሉ ሰፋ ያለ ከሆነ ዳኛ ሊተረጉመው ይችላል። "አንድ ሺህ ብር" ግን አይተረጎምም። ሺህ ሺህ ነው። ስለዚህ ሕግ ውስጥ ገንዘብ በአኃዝ መጻፍ ቀላል የሚመስል ትልቅ ስሕተት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንኳ በግለሰብ ላይ የሚጣለውን መቀጮ በመደበኛው ከ10 ብር እስከ 10 ሺህ ብር ብሎ ወሰነው። ከ10 ብሩ መቀጮ ደረሰኙ ሳይወደድ ይቀራል? አኃዙን ደንብ ውስጥ አውጥቶ በየጥቂት ዓመቱ ማደስ፣ ወይም ከደመወዝ ወለል ከመሰለ ነገር ጋር ማሰር ይቻላል። ይህ አብዮት አይፈልግም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፤ የሚጠይቅ ከተገኘ።

የባህል ፍርድ ቤቶችን ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ ብዙ ሰው አሁን መፍትሔው እዚያ ነው ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ፈቅዷል። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን እውቅና ሰጥቶ አቋቁሟል። የ1952ቱ ሕግ ወረቀት ላይ የገደለው ነገር በስልሳ ዓመቱ በአዋጅ ተመለሰ። ቅርብ ነው፣ በቋንቋህ ነው፣ ለትራንስፖርት አታወጣም፣ ሽማግሌው ያውቅሃል።

ያውቅሃል የሚለው ግን ሁለት ስለት አለው። የተደፈረች ልጅን ጉዳይ ሽማግሌ ይዞ፣ አባትየው ከብት ተቀብሎ፣ እሷ ያላንድ ቃል ስትቀር ሁላችንም ሰምተናል። አንቀጹ "ከፈቀዱ" ይላል። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ "እሺ በይ" የሚላት ሴት ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? እኔ የባህል ፍርድ ቤቱን እደግፋለሁ፤ ለድንበር፣ ለከብት፣ ለደም እርቅ። ከዚያ አልፎ የመደበኛው ፍርድ ቤት በር ለእሷ ከፍ ብሎ ካልተከፈተ ግን የ1949ኙን ነገር በሌላ ስም እንደመመለስ ነው የማየው።

ያን የችሎት ቀን ጉዳያችን ሳይታይ ለሌላ ቀጠሮ ተላለፈ። ስወጣ አጥሩ ጥግ ካለው ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተቀመጥኩ። ጃንጥላ፣ አንድ ያረጀ የጽሕፈት መኪና፣ ሁለት ዱካ። ጃንጥላው ሥር ያሉት አዛውንት ለሌላ ሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ሲጨርሱ "ጋሼ፣ ሰሞኑን ምን ይበዛል?" አልኳቸው። እንደ ዋዛ ነበር የጠየቅኩት።

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። "ድሮ የቀለብና የርስት ነበር የሚበዛው። ከዚያ የቤት ሽያጭ መጣ። አሁን ቼክ ነው። ቼክና በስልክ የተላከ ብድር። የብድሩን ብዙ ጊዜ አትክሰስ ብዬ ነው የምመልሰው፤ ወረቀት የለውማ፣ ብሩን ይጨርሳል።"

"ይህን የጠየቀዎት አለ? ከፍትሕ ሚኒስቴር፣ ከምክር ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ?"

"ስለ ምኑ?"

"ስለሚበዛው።"

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ "አንተ ማመልከቻ ታስጽፋለህ ወይስ ወንበሩን ትለቃለህ?" አሉኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ዶሴ ታቅፋ ቆማ ነበር።